ቤታችንን የት እንሥራ? በባሕር ዳር ዳርቻና በመራዊ ገጠር መካከል

ቤታችንን የት እንሥራ የሚለው ጥያቄ በእኔና በባለቤቴ መካከል ረዘም ላለ ጊዜ ሲንከባለል ቆይቶ በዚህ ዓመት መልስ አግኝቷል። ከፊታችን የነበሩት ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በመኖሪያ ቤት ማኅበር ተደራጅተን በባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ፣ ከዓባይ ማዶ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው አቅጣጫ የደረሰን 200 ካሬ ሜትር ቦታ ነው። ሁለተኛው ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከመራዊ ወጣ ብሎ፣ ወላጆቼ ከሚኖሩበት ግቢ ጀርባ፣ አባቴ «ከዚህ እስከዚያ ያንተ ነው» ብለው በእጃቸው ያሳዩኝ ጓሮ ነው። ከአዴት፣ ከዳንግላ፣ ከእንጅባራ፣ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ለሥራ ወደ ባሕር ዳር መጥቶ በኪራይ ቤት ልጅ የወለደ ሰው ሁሉ ይህ ምርጫ በሆነ መልኩ ስለሚገጥመው፣ እኛ የመዘንነውን በዝርዝር ማስፈሩ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ምክር አላጣንም። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ከተማ ሥራ አሉኝ፤ ምክንያታቸው ግን ስለ መኖር ሳይሆን ስለ መሸጥ ነበር። ቤቱ ነገ ዋጋ ያወጣል፣ ባንክ በዋስትና ይይዘዋል፣ ከጀርባው ሰርቪስ ሠርቶ ማከራየት ይቻላል ይላሉ። ዘመዶቼ ደግሞ አገር ቤት ሥራ አሉኝ፤ የእነሱም ምክንያት ስለ መኖር አልነበረም፤ «የእገሌ ልጅ ቤት ሠራ» እንዲባል ነው። ሁለቱም ወገኖች በቅንነት የተናገሩ ቢሆንም፣ ልጆቻችን በዚያ ቤት ውስጥ ጧት ተነሥተው ምን እንደሚያዩ፣ ውኃ ከየት እንደሚጠጡና በየትኛው መንገድ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ የጠየቀን ሰው ግን አልነበረም።

በወላጆቼ ቀበሌ አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ ሰው ያሠራው፣ ግድግዳው የተለሰነና ቀለም የተቀባ፣ ባለ ብዙ ክፍል ቤት አለ። በሩ የሚከፈተው ለጥምቀትና ለፋሲካ ነው፤ በቀረው ጊዜ ቁልፉ ጎረቤት ዘንድ ይቀመጣል። የገጠር ቤት ደግሞ ሰው ካልኖረበት ቶሎ ያረጃል። እሳት የማይነድበት ቤት እንጨቱ ጭስ ስለማይነካው ነቀዝና ምስጥ ይደፍረዋል፤ በክረምት የሚያፈስ ቀዳዳ ቢኖር የሚያየው የለም፤ ምርጉ ሲረግፍ መልሶ የሚለጥፍ እጅ አይገኝም። ያን ቤት ያሠራውን ሰው አልነቅፈውም፤ ለወላጆቹ ክብር ብሎ ያደረገው ነው። ነገር ግን ቤቱ የተሠራው ለበዓል መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል።

ባለቤቴ በዚህ ላይ አንድ መለኪያ አቀረበች። ሁለቱን ቦታዎች በፋሲካ ማግስት፣ ዘመድ በተሰበሰበበትና ጠላው በተጠመቀበት ቀን አንመዝናቸው፤ በነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ሲወርድ ባደረበት አንድ ተራ ማክሰኞ እንመዝናቸው አለች። ከዚህ በኋላ የተነጋገርነው ሁሉ በዚህ መለኪያ የተደረገ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

የሕጉን ጉዳይ ቀድሜ ላንሣው፤ ብዙ ሰው ወደ መጨረሻ የሚተወው እሱን ነውና። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በከተማ የሚያዘው በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ሲሆን፣ ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደው ዘመን 99 ዓመት ነው። የገጠሩ ይዞታ በተቃራኒው የዘመን ገደብ የለውም፤ ይህን የሚሰማ ሰው የገጠሩ ይበልጣል ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። በአማራ ክልል የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይሰፍራል፤ የእኛም ደብተር በአባቴና በእናቴ ስም ነው። የገጠር መሬት መብት በመሠረቱ የሚሰጠው በግብርና ለሚተዳደር ወይም ለመተዳደር ለሚፈልግ ሰው ነው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 456 የቤተሰብ አባል ብሎ የሚተረጉመው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት አብሮ የሚኖረውንና ኑሮውን የሚጋራውን ሰው ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ሆኖም ደመወዝ እየበላ በባሕር ዳር የሚኖር ልጅ አባቱ በእጃቸው ባሳዩት ጓሮ ላይ የብሎኬት ቤት ከማቆሙ በፊት በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ማጣራቱ ግድ ይለዋል።

ለእኔ ከአዋጁም ይልቅ የከበደኝ የእህቴ ጉዳይ ነው። ከወላጆቼ አጠገብ የምትኖረው፣ እናቴ ስትታመም ሌሊት የምትነሣው፣ ባሏም የአባቴን ማሳ የሚያርሰው እሷ ናት። አባቴ ያሳዩኝ ጓሮ ባዶ መሬት አይደለም፤ ጌሾዋ፣ ጎመኗና በርበሬዋ ያለበት ነው። እሷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ቢጠይቋትም «ወንድም ጋሼ ከመጣልንማ ደስታችን ነው» ነው የምትለው። ነገር ግን በከተማ ደመወዝ የሚያገኝ ወንድም በገጠር እህቱ ጓሮ ላይ መሠረት ሲያወጣ፣ ወላጆች ካለፉ በኋላ የሚመጣው የውርስ ክርክር ከዚያ መሠረት ጋር አብሮ ይቆፈራል። በአገራችን ፍርድ ቤት የተጓተቱ የወንድማማች ክሶችን ያየ ሰው የምለውን ያውቃል።

ወደ አፈሩ ልምጣ። በመራዊ ዙሪያ ያለው የሜጫ መሬት በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው፤ ውኃ ያሳልፋል፣ ለመሠረትም አያስቸግርም። የማኅበራችን ቦታ ግን ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ላይ ያለው ቤትም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስና በቢቸና አካባቢ ከመስኮት ጥግ ጀምሮ ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ያለበት ግድግዳ ያየ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ያየው የዋልካን ሥራ ነው። ያማከርነው መሐንዲስ የሰጠን ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይውጣ፣ ጽኑ መሬት ሲገኝ በገረጋንቲ ተሞልቶ በየደረጃው ይጠቅጠቅ፣ ግንቡ በላዩ ይውጣ፣ ከግንቡ በላይ ዙሪያውን የብረት ማሰሪያ ቢም ይዙር። በተጨማሪም የጣሪያው ውኃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንዲፈስ፣ በቤቱ ዙሪያ ውኃ የማያስገባ ንጣፍ እንዲሠራ፣ ባሕር ዛፍም በአቅራቢያው እንዳይተከል አስጠንቅቆናል፤ ባሕር ዛፍ የመሠረቱን አፈር ውኃ እየመጠጠ ስንጥቁን ያፋጥናልና። ከመሬት በታች የሚቀበረው ገንዘብ ከግድግዳው ዋጋ የማይተናነስ መሆኑ ባለቤቴን አስደንግጧት ነበር። እኔን ያስገረመኝ ግን ብዙ የማኅበራችን አባላት ገንዘቡን ከመሠረቱ ቀንሰው ለበሩ ብረትና ለፊት ለፊቱ ጌጥ ማዋላቸው ነው።

ውኃው ከአፈሩም በላይ አነጋግሮናል። በከተማው ዳርቻ የቧንቧ መስመር ቢዘረጋም ውኃው በየቀኑ አይመጣም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ባሕር ዳር ጣና ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ዝቅተኛ ከተማ ስለሆነች በብዙ ቦታ ውኃ ብዙ ሳይቆፈር ይገኛል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ፍሳሽ የሚወስድ መስመር የለም፤ እያንዳንዱ ቤት መጸዳጃውን በራሱ ግቢ ውስጥ ይቀብራል። የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ቦታችን 10 ሜትር በ20 ሜትር ነው፤ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ማዕዘን በሰያፍ ቢለካ እንኳ 22 ሜትር ተኩል አይሞላም። የራሳችንን ብናርቅ የጎረቤታችን መጸዳጃ ከአጥራችን ሥር ይሆናል። ስለዚህ የጉድጓዱ ውኃ ለልብስ፣ ለእጥበትና ለጓሮ ብቻ እንዲሆን፣ የሚጠጣው ከቧንቧ እየተጠራቀመ በሮቶ እንዲቀመጥ፣ የጣሪያውም የክረምት ውኃ እንዲጠራቀም ወስነናል። በአባቴ ግቢ በኩል ስናየው ሥፍራው ሰፊ ስለሆነ ርቀቱን መጠበቅ ይቻላል፤ ምንጩም አለ። ነገር ግን በነሐሴው ማክሰኞ ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነው፤ እንስራውን የሚሸከመው ማን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤቴ ይህን ስታነሣ አባቴ ዝም አሉ፤ እናቴ ሳቁ።

በወባ በኩል ሁለቱም ቦታዎች ያው ናቸው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመራዊ አካባቢ በጥቂቱ ከፍ ቢልም ከወባ ነፃ አይደለም፤ 7,000 ሄክታር ያህል የሚያለማው የቆጋ መስኖም ከበረከቱ ጋር የታቆረ ውኃ ይዞ መጥቷል። ከመስከረም እስከ ኅዳር አጎበር የማይዘረጋበት ቤት በሁለቱም ዘንድ መኖር የለበትም። ከወባ መሸሽ የሚፈልግ እንጅባራ ሄዶ ብርዱን ይቻል።

ስለ ግንባታው ወጪ ብዙ አልልም፤ ዋጋው በየወሩ ስለሚለወጥ ዛሬ የምጽፈው ነገ ይሽራል። በጥቅሉ ገጠሩ ይረክሳል፤ አባቴ ቋሚውንና ማገሩን ከራሳቸው ባሕር ዛፍ ይሰጡኛል፣ ጭቃው በደቦ ይረገጣል፣ ቆርቆሮና ምስማር ብቻ ይገዛል። የጭቃ ቤት ደግሞ እንደሚናቀው አይደለም፤ ግድግዳው ወፍራም ከሆነ፣ የድንጋይ መሠረት ካለውና ክፈፉ ረዘም ብሎ ዝናቡን ካራቀለት በቀን ይቀዘቅዛል፣ በሌሊት ይሞቃል። ድሮ ቋሚው ወይራ ወይም ጥድ ስለነበር ምስጥ አይደፍረውም ነበር፤ ዛሬ ባሕር ዛፍ ስለሆነ የሚቀበረው ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ካልተቀባ ዕድሜው አጭር ነው። በከተማው ግን ፕላኑ የሚያዘው ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ በመሆኑ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይጠፋል።

መንገዱን ካነሣሁ አይቀር፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት እንዳሉ ሳይናገሩ ስለ ቤት ቦታ መጻፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። መራዊ በሰላሙ ጊዜ ከባሕር ዳር የሚመላለሱባት ቅርብ ከተማ ናት፤ ብዙ ሠራተኛም ይመላለስ ነበር። ዛሬ ግን ጧት የሄደ ሰው ማታ መመለሱን እርግጠኛ የማይሆንበት ቀን አለ። ይህ ጊዜ ያልፋል ብለን እናምናለን፤ ቤትም የሚሠራው ለአንድ ዘመን ብቻ አይደለም። ቢሆንም ልጆቹ በአንድ በኩል፣ ወላጆቹ በሌላ በኩል ሆነው መንገድ የሚዘጋበትን ቀን ሳያስብ ቦታ የሚመርጥ ወላጅ አለ ብዬ አልገምትም።

ከሁሉ ይልቅ ሚዛኑን ያነሣው ትምህርት ቤት ነው። እኔ ያደግሁት በዚያው ቀበሌ ነው። አንደኛ ደረጃን በእግር ተመላልሼ ጨረስኩ፤ ከዚያ በኋላ መራዊ ከተማ ከጓደኞቼ ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ቅዳሜ ወደ ቤት እየሄድን፣ እሑድ ማታ እናቶቻችን የጋገሩትን ስንቅ ተሸክመን እየተመለስን ተማርን። ዛሬም የገጠር ልጅ የሚማረው እንደዚሁ ነው። በዚያ ኑሮ የተገኘውን ጥንካሬ የሚያወድሱ አሉ፤ እኔም ጓደኞቼን ያገኘሁት እዚያ ነው። ነገር ግን ከእኛ ጋር ስንቅ ተሸክመው ከወጡት መካከል እስከ መጨረሻው የዘለቁት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሴቶቹ ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ተመለሱ። ሴት ልጅ አለችኝ። በግጭቱ ምክንያት በገጠሩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መክረማቸውም በዚህ ላይ ይታከላል። በከተማው ዳርቻ ያለው ትምህርት ቤት ክፍሉ የተጨናነቀ ነው፤ ግን ክፍት ነው፤ ከቤታችንም በእግር ይደረሳል። መሀል ከተማ መግባት ሲያስፈልግ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የማዶውን ሰፈር ከከተማው ጋር በደንብ አገናኝቶታል፤ በአሮጌው ድልድይ ላይ የነበረውን የጧት ወረፋ የሚያስታውስ ሰው ልዩነቱን አይክድም።

ስለዚህ ከተማው አሸነፈ ማለት ነው? በነሐሴው ማክሰኞ መለኪያ አዎን። የሚያሳስበኝ ግን የሌላ ዓይነት ድህነት ነው። ልጄ ጤፍንና ዳጉሳን በማሳ ላይ ለይቶ አያውቅም። በማኅበሩ ሰፈር ያሉት ጎረቤቶቻችን ከየወረዳው የተሰባሰቡ፣ ሁሉም በራሱ አጥር ውስጥ ሆኖ አሸዋና ጠጠር የሚቆጥር ሰዎች ናቸው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል ጎረቤቱ አስቀድሞ ጎረቤት መሆን አለበት፤ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። ደግነቱ ሰፈሩ ገና ሳይሞላ ዕድር ተቋቁሟል፤ የመጀመሪያው ድንኳን የተተከለ ዕለትም እርስ በርሳችን ከማኅበር ስብሰባው ሁሉ በላይ ተዋወቅን። ገጠር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ቀድሞ አለ፤ ሰንበቴው፣ ወንፈሉ፣ ሲታመሙ ተሸክሞ የሚያወጣው ሰው፤ ይህን በገንዘብ የሚሸጥልን ሰፈር የለም።

ውሳኔውን ያቀለለው ግን የእናቴ ቃል ነው። ለእነሱ ብለን ከጎናቸው ለመሥራት እንዳሰብን፣ ካልሆነ ደግሞ ባሕር ዳር መጥተው ከእኛ ጋር እንዲኖሩ እንደምንፈልግ ባለቤቴ ነገረቻቸው። እናቴም «እኔ ደጄን ትቼ ወዴት ልሂድ ልጄ? አንቺም ሥራሽን ትተሽ ወዴት ትመጫለሽ? ለእኛ ካሰባችሁማ ይሄን የሚያፈስ ጣራ አድሱልኝ» አሉ። አባቴ ግን ቅር ተሰኝተዋል፤ አሁንም ቅሬታቸው አልወጣላቸውም፤ ያሳዩኝን መሬት እንደ ናቅሁባቸው ቆጥረውታል። ሽማግሌ ሆነው የገቡት አጎቴ መሬቱ የትም እንደማይሄድ ቢነግሯቸውም፣ ልጅ ቤት ሲሠራ በአባቱ መሬት ላይ ነው ብለው ላደጉ ሰው ይህ መልስ አይሆንም። እኔም በክርክር ላሳምናቸው አልሞከርኩም።

የወሰንነው እንዲህ ነው። የምንኖርበት ቤት በባሕር ዳሩ ቦታ ይሠራል፤ ፎቅ የለውም፤ ከሳሎኑ አጠገብ ደረጃ የሌለው፣ መጸዳጃው የቀረበ አንድ ክፍል ወላጆቼ ለሕክምና ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሲመጡ እንዲያርፉበት ይደረጋል። ለገጠሩ ቤት ካሰብነው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ የወላጆቼ ቤት ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ይለወጣል፣ አሸንዳና የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ይገባለታል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ይሆናል፣ መጸዳጃው ከቤቱ ቀረብ ብሎ በድንጋይ ይገነባል። ሮቶው ሲሞላ ቢያንስ በክረምት እህቴ ወደ ምንጩ አትወርድም። ጓሮው የእሷ ሆኖ ይቀጥላል፤ ይህንም በአባቴ ፊት፣ ሽማግሌዎች በተገኙበት ተናግሬያለሁ። ልጆቹ ክረምቱ ሲወጣና ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ አያቶቻቸው ዘንድ ይሰነብታሉ።

የጣሪያው ሥራ እህል ከተወቃ በኋላ፣ ሰው እጁ ሲፈታ ይጀመራል። የከተማው መሠረት ደግሞ ዋልካው ደርቆ ስንጥቁ በደንብ በሚታይበት በጥር ተቆፍሮ ከሰኔ ዝናብ በፊት መዘጋት አለበት፤ ጉድጓዱን ግን ውኃው ከሁሉ ዝቅ በሚልበት በግንቦት እናስቆፍረዋለን፤ በመስከረም የተቆፈረ ጉድጓድ በበጋ ይደርቃልና። አሁን በእኔና በባለቤቴ መካከል የቀረው ክርክር ማድ ቤቱ ነው። እሷ ከቤቱ ጋር ተያይዞ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይሁን ትላለች፤ እኔ ደግሞ መብራት በሚጠፋበት ቀን እንጀራ የሚጋገርበት፣ ጭሱ ከቤት የሚርቅ የእንጨት ምድጃ ከጀርባ ይኑር እላለሁ፤ 200 ካሬ ሜትሩ ደግሞ ለሁለቱም ይበቃል አይበቃም የሚለውን ለመለየት ፕላኑን እንደገና ወደ መሐንዲሱ ልከነዋል።